በነባር የኮንክሪት ወለል ላይ የሻወር ወለል አሠራር፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

መግቢያ

በጎንደር ከተማ ከሚገኙ ነባር መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ሲሠሩ የመታጠቢያ ክፍል አልነበራቸውም። ገላ መታጠብ በጓዳ ወይም በጓሮ፣ በሳፋና በባልዲ ውሃ የሚከናወን ነበር። የቧንቧ ውሃ ወደ ግቢ ከገባና ሮቶ በማማ ላይ ማስቀመጥ ከተለመደ ወዲህ ግን የቤት ባለቤቶች ከነባሩ ክፍል አንዱን ጥግ ከፍለው ሻወር ያደርጉታል። መነሻው አስቀድሞ የነበረ የኮንክሪት ወይም የሲሚንቶ ሊሾ ወለል ነው። ይህ ወለል ለመቀመጫና ለመተላለፊያ የተሠራ በመሆኑ ተዳፋት የለውም፤ ማፍሰሻም የለውም፤ በየዕለቱ እንዲረጥብ ታስቦም አልተሠራም።

የሥራው ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ባለቤቱ ራሱ ወይም ከአንድ ግንበኛ ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል። የስህተቱ ዋጋ ግን በሥራው ስፋት አይለካም። ውሃ ከሻወሩ ሥር ሲያመልጥ በመጀመሪያ የሚታይ ነገር የለም። ቆይቶ የጎን ግድግዳው ልስን ያብጣል፤ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ከሥሩ ይፈረፈራል፤ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይጠቁራል። ጉዳቱ በሚታወቅበት ጊዜ መንስኤው በሴራሚክ ተሸፍኗል፤ ለመጠገን የተሠራውን ሁሉ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ የሻወር ወለል ውሃን እንዴት እንደሚይዝ፣ በነባር ኮንክሪት ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ እና የአካባቢው ሁኔታ በአሠራሩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያብራራል። መሠረታዊ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ውሃን የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚገኘው የማይታየው ንብብር ስለሆነ፣ የሥራው ጥራት መረጋገጥ ያለበት ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ነው።

ውሃን በወለል ላይ የመያዝ ልምድ

ጎንደር ውሃን በግንብ የመያዝ ረጅም ታሪክ ያላት ከተማ ናት። በትውፊት ከዐፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ጋር የሚያያዘው የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እየተሞላ እስከ ዛሬ ለጥምቀት በዓል ያገለግላል። በፋሲል ግቢ ውስጥም የእንፋሎት መታጠቢያ ፍርስራሽ ይገኛል። እነዚህ ሥራዎች የተከናወኑት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ የሚጠነክር፣ ከጠነከረም በኋላ እርጥበትን በመጠኑ የሚያሳልፍ ማያያዣ ነው። በግንቡ ውስጥ የገባ እርጥበት ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ላይ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለነባሩ ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ የተካሄደው የቅርስ ጥበቃ ሥራ ወደ ኖራ ተመልሷል።

ከዚህ ልምድ ለዛሬው ሻወር የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል፤ ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። መዋኛው በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ተሞልቶ ከዚያ የሚደርቅ ነው። ሻወር በየዕለቱ ይረጥባል፤ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ወለሉ እየደረቀ ራሱን እንዲጠብቅ መተው አይቻልም፤ ውሃው ከመጀመሪያው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግና ሳይጠራቀም እንዲወጣ መንገድ መስጠት ያስፈልጋል።

ውሃ ከሴራሚክ ሥር እንዴት ይደርሳል

ሴራሚክ ራሱ ውሃ የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ነው። በሴራሚኮች መካከል የሚገባው ግራውት ግን በውስጡ እጅግ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት የሲሚንቶ ውጤት በመሆኑ ውሃን ይስባል። ከዚህ የባሰው ስንጥቅ ነው። ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ፣ ማፍሰሻው ከሞርታሩ ጋር በሚነካካበት ዙሪያ፣ እንዲሁም አሮጌው ኮንክሪት በተሰነጠቀበት መስመር ላይ ሁልጊዜ ጥቂት እንቅስቃሴ አለ። ግራውት እንቅስቃሴን ስለማይችል ይሰነጠቃል።

የሚያመልጠው ውሃ ጥቂት ቢመስልም ድምሩ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ አራት ሰዎች በየቀኑ እያንዳንዳቸው 20 ሊትር ቢጠቀሙ በቀን 80 ሊትር ውሃ በወለሉ ላይ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ወደ ሥር ቢገባ በዓመት 292 ሊትር፣ ማለትም ከ14 ጀሪካን በላይ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ በጭቃ ቤት ውስጥ የሚያርፈው በግድግዳው ሥር ነው። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ሸክም ይችላል፤ ሲርስ ግን አፈሩን የያዘው የሸክላ ቅንጣት ይለሰልሳል፤ በውስጡ ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥም እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል። ቤቱ ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ ላይ ከተሠራ ደግሞ አፈሩ ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ በአንድ ጥግ ብቻ የሚጠራቀም እርጥበት መሠረቱን እኩል ባልሆነ መንገድ ያነሣዋል።

የማፍሰሻው ቦታና የወለሉ ከፍታ

የመጀመሪያው ውሳኔ ውሃው በየት ይወጣል የሚለው ነው። የተቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይከተላል። የወለል ማፍሰሻ ሽታ የሚከለክል ሲፎን ሊኖረው ይገባል። ሲፎን በውስጡ ሁልጊዜ ውሃ የሚቀርበት የታጠፈ ክፍል ሲሆን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ይህ ውሃ የፍሳሽ ጉድጓድ ጋዝና ነፍሳት ወደ ቤት እንዳይገቡ ይዘጋል። ከሲፎኑ የሚነሣው ቱቦ ውስጣዊ ስፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ በየሜትሩም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ቢሄድ ተገቢ ነው።

ቤቱ በመሬት ላይ የተሠራ ከሆነ ነባሩን ወለል በመስመር ቆርጦ ቱቦውን ከሥሩ መቅበር ይቻላል። በዚህ መንገድ የሻወሩ ወለል ከክፍሉ ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ግን ወለሉ ሸክም የሚሸከም፣ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ነው። ይህን መቁረጥ የሕንፃውን አቅም ስለሚነካ ባለቤቱ በራሱ ውሳኔ ሊያደርገው አይገባም። ያለው አማራጭ የሻወሩን ወለል ከፍ ማድረግ ነው። ሲፎኑና ቱቦው የሚይዙት ቦታ፣ ቱቦው እስከ ዋናው መውረጃ ድረስ የሚፈልገው ዝቅታ፣ ከላይ የሚሸፍነው ሞርታርም ሲደመሩ ከፍታው ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ አንድ ደረጃ ማለት ነው፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት እንቅፋት እንዳይሆን ከወዲሁ ማሰብ ያሻል።

ማፍሰሻው በወለሉ መካከል ሲሆን ወለሉ ከአራት አቅጣጫ ወደ መሐል መውረድ አለበት። ይህ ሴራሚኩን በሰያፍ መቁረጥን ያስከትላል። ማፍሰሻው በአንድ ግድግዳ ሥር በረጅሙ ሲቀመጥ ግን ወለሉ በአንድ ፊት ብቻ ስለሚያዘነብል ትልልቅ ሴራሚክ ሳይቆረጥ ይነጠፋል። ሙያው ለሌለው ባለቤት ሁለተኛው ይቀላል።

ነባሩን ወለል ማዘጋጀትና ተዳፋቱን ማውጣት

አዲስ ሞርታር ከአሮጌ ሊሾ ጋር በራሱ አይያያዝም። ሊሾው የለሰለሰ በመሆኑ ፊቱ በመሮና በመዶሻ መቆርቆር፣ አቧራው ተጠርጎ መታጠብ፣ ቅባት ያለበት ቦታም መፈተግ አለበት። በማግሥቱ ወለሉ እንዲረጥብ ይደረጋል፤ ነገር ግን በላዩ የቆመ ውሃ ሊኖር አይገባም። ደረቅ ኮንክሪት የአዲሱን ሞርታር ውሃ ይመጥጣል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ ሞርታሩን ያቀጥነዋል። ሞርታሩ ሊፈስ ሲል ቦያካ፣ ማለትም በውሃ የቀጠነ ንጹሕ ሲሚንቶ፣ በብሩሽ ይቀባል፤ ቦያካው ሳይደርቅ ሞርታሩ ይከተላል። ቦያካው ከደረቀ ማያያዣነቱ ቀርቶ መለያያ ይሆናል።

ለሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶና አራት እጅ አሸዋ ይበቃል። ውሃው በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ለመያዝ ያህል ብቻ መሆን አለበት። የአሸዋው ንጽሕና ወሳኝ ነው። የወንዝ አሸዋ ደለልና ሸክላ ሊኖረው ይችላል፤ ሸክላ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ወለሉን ይሰነጥቃል። የኢትዮጵያ ደረጃ በአሸዋ ውስጥ የሚፈቅደው የደለል መጠን ከ6 በመቶ አይበልጥም። ይህን በቤት ለመገመት አሸዋውን በጠርሙስ ከውሃና ከጥቂት ጨው ጋር መትቶ ማስቀመጥ ይቻላል። አሸዋው ከታች ይሰፍራል፤ ደለሉ በላዩ እንደ ቀጭን ድርብ ይታያል። የሁለቱ ውፍረት ሲነጻጸር አሸዋው መታጠብ ያስፈልገው እንደሆነ ይታወቃል።

90 በ90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሻወር በአማካይ 4.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሞርታር 0.036 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ለዚህ ወደ 14 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ፣ ማለትም ከ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል። የሞርታሩ ክብደት ግን ከ75 ኪሎ ግራም አያንስም፤ ወለሉን ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ለማሳደግ ሲታሰብ በፎቅ ቤት ይህ ሸክም መሰላት አለበት።

ተዳፋቱ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ውሃ ይቆማል፤ ከበዛ እግር ያንሸራትታል። ከፍታውን ለመለየት የግንበኛው ውሃ ልክ ወይም ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል። በግድግዳዎቹ ዙሪያ አንድ አግድም መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ ወደ ታች እየተለካ በሩቁ ጫፍና በማፍሰሻው ዘንድ ምልክት ይደረጋል። ርቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ተዳፋቱ ትክክል ነው። ሞርታሩ በሁለቱ ምልክቶች መካከል በቀጥተኛ ጣውላ ይስተካከላል።

በገበያ በብዛት የሚገኘው ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ የእሳተ ገሞራ ፖዞላና የተቀላቀለበት ነው። ከኦፒሲ ይልቅ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ስለሆነ በእርጥበት የሚቆይበት ጊዜ ረዘም ማለት አለበት። ለኦፒሲ ሰባት ቀን ሲበቃ ለፒፒሲ ከአሥር ቀን በላይ በረጠበ ጆንያ መሸፈን ይመከራል። በበጋ ወራት የጎንደር አየር ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ መንፈግ ወለሉን በሙሉ ያሰነጥቃል።

ውሃ መከላከያው

ውሃ መከላከያ በሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከተዳፋቱ ሞርታር ሥር፣ ሁለተኛው ከሞርታሩ በላይ ከሴራሚኩ ሥር ነው። ከሞርታሩ ሥር ሲሆን መከላከያው ራሱ ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል አለበት፤ ያለዚያ ሞርታሩን ያለፈ ውሃ በመከላከያው ላይ ይቆማል፣ ሻወሩም ሳይደርቅ ይሸታል። ሬንጅ ለዚህ ቦታ ያገለግላል፤ ሴራሚክ በቀጥታ ስለማይጣበቅበት ግን በሞርታር መሸፈን ይኖርበታል። ባለቤቱ ራሱ ለሚሠራው ሥራ ሁለተኛው፣ ማለትም በተዳፋቱ ሞርታር ላይ የሚቀባ በሲሚንቶ የተዘጋጀ ተጣጣፊ ቅብ የተሻለ ነው፤ ሞርታሩ ራሱ እንዳይረጥብ ይከላከላል፣ ጉድለቱም ወዲያው ይታያል።

ቅቡ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ በሞርታር ይሞላል፤ ስለታም ጥግ ለስንጥቅ ይጋለጣልና ክብ ይደረጋል። በጥጉና በማፍሰሻው ዙሪያ የመረብ ጨርቅ በመጀመሪያው ቅብ ውስጥ ይቀበራል። ሁለተኛው ቅብ የሚቀባው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ብሩሹም የመጀመሪያውን አቅጣጫ አቋርጦ ይሄዳል። በሻወሩ ግድግዳ ላይ ቅቡ እስከ 1.8 ሜትር፣ በቀሪው ክፍል ዙሪያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የሻወሩ መግቢያ ገደብም ከውስጥም ከላይም መቀባት አለበት።

የጭቃ ግድግዳ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስ ይለያያል፤ በመካከሉ የገባ እርጥበትም መውጫ ያጣል። በመሆኑም በሻወሩ በኩል ከጭቃው ግድግዳ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ በኮንክሪቱ ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ማቆምና ውሃ መከላከያውን በእርሱ ላይ መቀባት ይሻላል። የጭቃው ግድግዳ በዚህ መንገድ ከውሃው ተለይቶ አየር ያገኛል።

የሁለት ጀሪካን ፍተሻ

ቅቡ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት፣ ወለሉ በውሃ ይፈተሻል። ማፍሰሻው በፕላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ በጥብቅ ይደፈናል፤ በዝቅተኛው ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እስኪኖረው ውሃ ይሞላል። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሻወር ይህ ከ30 እስከ 40 ሊትር ነው፤ ከሁለት ጀሪካን አይበልጥም። የውሃው ከፍታ በግድግዳው ላይ ምልክት ተደርጎበት 24 ሰዓት ይቆያል።

ውሃው በትነትም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በአጠገቡ ውሃ ያለበት ሳፋ ይቀመጣል፤ የሳፋውም ከፍታ ምልክት ይደረግበታል። በማግሥቱ ሁለቱ እኩል ከቀነሱ የቀነሰው በትነት ነው። የሻወሩ ከሳፋው በላይ ከቀነሰ ውሃ እያመለጠ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በማፍሰሻው ዙሪያ ወይም በመደፈኛው ይገኛል። ፎቅ ላይ ከሆነ የታችኛው ቤት ጣሪያም መታየት አለበት።

ይህ ፍተሻ በተግባር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ጀሪካን ውሃ በወለል ላይ ማስቀመጥ ብክነት ይመስላል፤ ቅቡ እስኪደርቅና ፍተሻው እስኪያልቅ የሚያልፉት ቀናትም ለቀን ሠራተኛ ክፍያ ይጠይቃሉ። ባለቤቱ ሥራውን ራሱ ሲሠራ ያለው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መጠበቅ ይችላል። ውሃውም አይጠፋም፤ ከፍተሻው በኋላ ለሽንት ቤት ማጠቢያ ወይም ለሌላ የሲሚንቶ ሥራ ይውላል።

ፍተሻውን ያለፈ ወለል ላይ ሴራሚኩ በማጣበቂያ ይነጠፋል። የማያንሸራትት ዓይነት መምረጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ በወለሉ ላይ ሚስማርም ሆነ ብሎን ሊገባ አይገባም። ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ ከግራውት ይልቅ ሲሊኮን ይሞላል፤ ሲሊኮን የሁለቱን እንቅስቃሴ ይችላልና።

በደጋው

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ፣ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በደባርቅና በሰሜን ተራሮች አካባቢ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ እስከ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር የሚያደርገው ኬሚካዊ ሂደት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እጅግ ይዘገያል፤ ያልጠነከረ ሞርታር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ ሞርታሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የደጋው ቀን ፀሐያማ መሆኑ ሁለቱን አደጋዎች ያጣምራል፤ ቀን ድርቀት፣ ሌሊት ብርድ። በዚህ ወቅት ሥራው ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ተጀምሮ፣ ማምሻውን ወለሉ በፕላስቲክና በላዩ በገለባ ወይም በደረቅ ጆንያ መሸፈን ይኖርበታል። ቅቡና ማጣበቂያውም በአምራቹ ከተወሰነው የሙቀት መጠን በታች ሊቀቡ አይገባም።

ከሥራው በኋላ

ውሃ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ሻወሩ ሳይሠራበት ከቆየ የሲፎኑ ውሃ በትነት ያልቃል፤ ሽታውም ወደ ቤት ይገባል። ብዙ ጊዜ ይህ የቱቦ ብልሽት ተደርጎ ይወሰዳል፤ መፍትሔው ግን በየጊዜው አንድ ጣሳ ውሃ በማፍሰሻው ውስጥ ማፍሰስ ነው። የሚወጣው ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መድረስ አለበት። በደጅ ሜዳ ላይ የሚለቀቅ እጣቢ ለነፍሳት መራቢያ ይሆናል፤ የቤቱንም መሠረት ከውጭ በኩል ያረጥባል።

ማጠቃለያ

በነባር ኮንክሪት ላይ የሚሠራ የሻወር ወለል አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ማፍሰሻውን መወሰን፣ ነባሩን ፊት ማቆርቆር፣ ተዳፋቱን ማውጣት፣ ውሃ መከላከያውን መቀባትና በውሃ መፈተሽ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከአምስቱ አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችንም ያሠለጥን ነበር፤ የውሃና የፍሳሽ ጉዳይ በዚህ ከተማ የትምህርት ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። የሻወር ወለል በግንባታ ጥናትና በጤና ጥናት መካከል የሚገኝ ጠባብ ግን የሚለካ ርዕስ ነው። በከተማዋ ለገበያ የሚቀርቡ አሸዋዎችን የደለል መጠን በየወቅቱ መለካት፣ በጭቃ ግድግዳ ሥር ያለውን እርጥበት ሻወር ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ማነጻጸር፣ የ24 ሰዓቱን ፍተሻ ያለፉና ያላለፉ ወለሎችን መከታተል በአነስተኛ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ ጥናቶች ናቸው። ውጤታቸው ለግንበኛውም ለቤት ባለቤቱም በቀጥታ ይደርሳል።